ዳማው የፈሰከ ቀን

ዛሬ ጠዋት እናቴ የፋሲካውን ጠላ ጋን አጠበችና አተላውን በባልዲ ሞልታ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችው። "ለጎረቤት ላሞች አድርሺላቸው" አለችኝ። ባልዲውን አንስቼ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳልራመድ ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ያ ጎምዛዛ፣ ጌሾ ጌሾ የሚለው። ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው። እኔ ግን ባልዲውን አስቀምጬ ተመለስኩ።

"ምነው?"

"ከበደኝ።"

ውሸቴን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ትልቅ ውሸት ስላለኝ ይቺኛዋ ምንም አልመሰለችኝም።

አባቴ ድሮ ባለ ጋሪ ነበር። እኔ ስወለድ እናቴን ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት ያመጣት በጋሪው ነው፤ ጋሪውን የሚጎትተው ደግሞ ዳማው ነበር። ግራ ጆሮው ጫፉ ላይ የተቀደደ፣ አባዬ በምላሱ ጠቅ ሲያደርግለት ያንኑ ጆሮ ወደ ኋላ የሚያዞር ፈረስ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ልጆቹ "የሰብለ መኪና መጣች!" ይሉኝ ነበር። እኔም ኮርቼ እወጣባታለሁ። በኋላ ከተማው በባጃጅ ሲሞላ ጋሪ የሚሳፈር ጠፋ፤ አባዬም ዳማውን ይጁቤ ገበያ እህል ለሚያመላልስ ሰው ሸጦ ባጃጅ ገዛ። "ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ይይዘዋል" አለኝ። ምሳ አልበላም ብዬ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ።

እኛ አገር ያገለገለን ፈረስ ወይም አህያ የሚገድል የለም። ነውር ነው፤ ኃጢአትም ነው። ግን የሚቀልበውም የለም። ሲያረጅ ወይም እግሩ ሲሰበር ገመዱ ይፈታና መንገድ ዳር "ይለቀቃል"። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። የማንም እጅ የለበትም፤ ሁሉም እጁ ንጹሕ ነው።

ይህን እምቢ ያሉት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ባላቸውም ባለ ጋሪ ነበሩ። ሲሞቱ አንድ አንካሳ ፈረስ ትተውላቸው ሄዱ። ዘመድ ሁሉ "ልቀቂው" ሲላቸው "ባሌን ያበላ ፈረስ ነው" ብለው ግቢያቸው ውስጥ አሰሩት። ወሬው ተሰማና በከተማው ዳር ያለው ያ ግቢ በሁለት ዓመት ውስጥ በአህያ፣ በፈረስና በውሻ ሞላ። "በር ሲንኳኳ እንግዳ ይመስለኛል፤ ስከፍት አህያ ነው፤ ያመጣው ሰው ሮጦ ጠፍቷል" ይሉ ነበር እየሳቁ። ጎረቤቶቹ ግቢውን "ገዳሙ" ይሉታል። "እትዬ፣ ገዳሙ እንዴት አደረ? የኔም አህያ መመንኮስ አማረው!" ይሏቸዋል። እሳቸውም "አህያህ ትምጣ፤ አንተን ግን አልቀበልም" ብለው ይመልሳሉ።

ሳቁ ግን ድርቆሽ አይሆንም። በጋው ሲረዝም ገለባ እንኳ ይጠፋል። እትዬ ጥሩወርቅ የራሳቸውን ፍራሽ ቀደው በውስጡ የነበረውን ገለባ ለአህዮቹ ሰጥተው ቁርበት ላይ የተኙ ሴት ናቸው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እየሄድኩ ውሃ እቀዳላቸው፣ እበት እጠርግላቸው ነበር። ከአባዬ ባጃጅ በተረፈ ሰማያዊ ቀለምም የግቢው የቆርቆሮ በር ላይ የእሳቸውን ቃል ጻፍኩላቸው፦ "ከዚህ የሚለቀቅ የለም። የሚገደልም የለም።" ፊደሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ያየሁ አልመሰለኝም።

የዚያ ዓመት ሁዳዴ ጾም ሊጋመስ ሲል፣ በይጁቤ መንገድ ባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ፈረስ ቆሞ አየሁ። ዳሌው እንደ ማረሻ ሾሏል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁስል ዝንብ ወርሶታል። አልፌው ልሄድ ስል ጆሮውን አየሁት። በምላሴ ጠቅ አደረግኩ። የተቀደደችው ጆሮ ዞረች።

ዳማውን እየጎተትኩ እያለቀስኩ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ አስገባሁት። አባዬ ማታውኑ መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው የባጃጁን ጣሪያ ሣር ጭኖ በሩ ላይ አራግፎ ይሄዳል። "ትንሽ ሥጋ ይልበስና ለፋሲካ ገብቼ አየዋለሁ" አለኝ። "እንዲህ ሆኖ ዓይኑን ማየት አልችልም።"

እትዬ ጥሩወርቅ ለዳማው ፉርሽካ የሚሰጡት በጣሳ ለክተው ነበር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

"ትንሽ ቢጨምሩለትስ?" አልኳቸው።

"የተራበ ሆድ እንደ ዛገ በር ነው ልጄ፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚከፈት።"

አላመንኳቸውም። የድርቆሹ ክምር ከወገቤ በታች ወርዶ ነበርና ማጣታቸውን እየደበቁ መሰለኝ። አዘንኩላቸውም።

የፋሲካ ለት ጠዋት በዶሮ ፈሰክን። እኔ ግን እንጀራው አልወርድ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲፈስክ ዳማው ብቻ ለምን ይጾማል? ያውም አባዬ ሊያየው በሚመጣበት ቀን! የእናቴን ሰማያዊ ባልዲ አተላ ሞላሁ። ከጓዳ ገብስ በሰፌድ ዘግኜ ጨመርኩበት፤ አንዴ፣ ከዚያም ደገምኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያን አድረው ገና እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ዳማው ባልዲው ውስጥ እስከ ዓይኑ ገብቶ በላ። ታቹን ላሰ። ከዚያ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ገፋ አደረገኝ፤ በድሮው ጊዜ እንደሚያደርገው። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ባልዲውን እንጨት ክምር ኋላ አስቀምጬ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ። ያን ጠዋት ያክል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ከአባዬ ጋር ስንደርስ ዳማው መሬት ላይ እየተንከባለለ ነበር። ሆዱ ተነፍቷል፤ በላብ ተነክሯል፤ አንገቱን እያዞረ ጎኑን ያያል። እትዬ ጥሩወርቅ የበዓል ቀሚሳቸው ጭቃ ሆኖ ገመዱን ይጎትታሉ፤ "ተነስ የኔ ጌታ፣ ተነስ" ይላሉ። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ልጅ ነው፣ ከማዕድ ተነስቶ በነጭ ልብሱ መጥቷል።

"ምን በላ?" አለ።

 ዓይኔን ከእንጨት ክምሩ ላይ ነቀልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ሲሉ ዓይናቸው እንጨቱ ኋላ ካለው ሰማያዊ ባልዲ ላይ አረፈ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ አባዬን።

"እኔ ነኝ" አሉ። "በዓል ነው ብዬ አተላ ሰጠሁት።"

"እርስዎ?" አለ አባዬ። "በጣሳ የሚለኩት እርስዎ?"

"እኔ።"

"አተላ ብቻ ነው?" አለ ሐኪሙ።

ገብሱን አሰብኩት። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ አንድ ነገር ይለውጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰው ለመጠየቅም እፈራለሁ።

ሐኪሙ በቱቦ ዘይት አጠጣው። እያስነሳን አዞርነው። ሦስተኛ ዙር ላይ የፊት እግሮቹ ከዱት። ሐኪሙ ጎኑን አዳምጦ ቀና አለ። "ከዚህ በኋላ አይድንም። ማድረግ የምችለው ስቃዩን ማሳጠር ነው።"

"እዚህ ግቢ ነፍስ በሰው እጅ አይወጣም" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "በሩ ላይ አላየህም?"

ዳማው ጮኸ። ፈረስ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ራሱን ጭኑ ላይ አደረገው።

"እትዬ" አለ፣ "አንድ ጊዜ ለቅቄዋለሁ። 'ጥሩ ሰው ነው' ብዬ ራሴን አታለልኩና ለቀቅኩት። አሁን ደግሞ እያየሁት አልልቀቀው። እባክዎ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ዞረው በሩን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው የዳማውን ዓይን ሸፈኑና "በል ልጄ" አሉት ሐኪሙን፤ "እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።" አባዬ በምላሱ ጠቅ አደረገ። ጆሮዋ ወደ እሱ ዞረች፤ እንደዞረችም ቀረች።

ጅብ እንዳያወጣው እዚያው ግቢ ውስጥ በጥልቁ ቀበርነው። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ያን በር አልረገጠም። በባጃጁ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። "ሌላውን በጣሳ እየለኩ የኔን በባልዲ ገደሉት" ይላል። የቅዳሜው ሣርም ቀረ።

አንድ ቀን "ለአባዬ ልንገረው" አልኳቸው እትዬ ጥሩወርቅን።

"አባትሽ በኔ ቢቆጣ ሣር ነው የሚቀርብኝ" አሉኝ ጣሳውን እያጠቡ። "ባንቺ ቢቆጣ የሚቀርብሽን ታውቂዋለሽ?"

እኔም በዚያ ተሸሸግኩ። ሦስት ዓመት። አህዮቹ ሣራቸውን ያጡት በኔ ምክንያት እንደሆነ እያወቅኩ ውሃ ቀዳሁላቸው።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ታሪክ መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ። አባዬ የጻፍኩትን ሁሉ ያነባል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቀስ እያለ፣ ደስ ያለውን ለተሳፋሪ ጭምር ጮክ ብሎ። ይህንንም ያነበዋል፤ ደብተሩን የባጃጁ መቀመጫ ላይ አስቀምጬለት ነው የምሄደው።

አባዬ፣ ባልዲው የኛ ነበር። ገብሱም። እትዬ ጥሩወርቅ አንዲት ፍሬ እንኳ አልሰጡትም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሣር የሚሸጡት ሴቶች ገና ከቦታቸው አልተነሱም። ይህን ስታነብ እኔ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ የጠዋቱን ፉርሽካ በጣሳ እየለካሁ። በሩን ክፍት አድርጌዋለሁ።