የእሑድ እጅ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ገርሊንደ ሄፈለ ይህን መነኩሴ ብታገኘው ትወደው ነበር። ጀርመን ውስጥ፣ ቱቢንገን ከተማ አጠገብ ካለ የሽቫብ ገበሬዎች መንደር ተወልዳ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የውስጥ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ኖራ፣ ከጡረታ በኋላም ባሏ ትቶላት የሞተውን ስድስት መደዳ ወይን ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ላይ ስትኮተኩት ሰባ አንድ ዓመት ሞላት። ቴሌቪዥን እያየች እንኳ ካልሲ ትሠራለች። በዚያ አገር እጅን ጭን ላይ አድርጎ መቀመጥ የሚያምረው በእሑድ ብቻ ነው። እሑድ ልብስ ያሰጣ ሰውማ ዓመቱን ሙሉ ይታማል።

ባለፈው የወይን ለቀማ ሰሞን ስትሮክ መታት። እግሯም አንደበቷም ተመለሱ፤ ቀኝ እጇ ግን የመግረዣውን መቀስ መጫን አቃተው። ወይን ደግሞ የበረዶው ወራት ሳያልቅ ካልተገረዘ ዱር ይሆናል። ልጇ ኤክሃርት ቦታውን ለጎረቤት እንስጠው አላት። ክፉ ልጅ ሆኖ ሳይሆን እናቴ ከገደሉ ትወድቃለች ብሎ ነው። እሷ ግን ባሏን ሁለተኛ የምትቀብር ያህል ከፋት። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የደከመ እጅን በመግነጢስ ለመቀስቀስ ሰው እንደሚፈልግ ስትሰማ ሮጣ ተመዘገበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስ ላይ የሚያዝ ጥቅል ሽቦ የመግነጢስ ምት ይሰጣል፤ ምቱ እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሲነካ ጣት ዘለል ትላለች። ያው ምት ግን አንዴ ጣቷን በደንብ ያዘልላታል፣ ሌላ ጊዜ እምብዛም አይነቀንቃትም። አንጎል እጁን አጣጥፎ ምት አይጠብቅማ። ያ ክፍል በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል የራሱ ሞገድ አለው፤ መልሱ የሚጎላው ምቱ ሞገዱ ዝቅ ያለበት ላይ ሲያርፍ ነው። ኮምፒዩተሩ ሽቦ በተሰካበት ቆብ በኩል ሞገዱን እያየ ያችን ቅጽበት ይጠብቃል።

የገርሊንደን ሞገድ ግን ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ አጣው። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልታየም። በሁለተኛውም እንዲሁ ሲሆን፣ ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር በሦስተኛው ካልተገኘ ከጥናቱ እንደምትወጣ በትሕትና ነግረዋት ሄዱ። ማሽኑን የምታሠራው ሮስቪታ፣ እሷም የዚያው አገር የገበሬ ልጅ፣ አንድ ነገር ጠርጥራ ገርሊንደ የለበሰችውን ብርድ ልብስ ገለጥ አደረገችው። የገርሊንደ ቀኝ ክንድ ከሥር ተወጥሮ ይታገላል።

«ወይዘሮ ሄፈለ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያገዝኳችሁ ነዋ። እናንተ ስትለፉ እኔ ተጎልቼ ልይ?»

ሮስቪታ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ያ ሞገድ ደምቆ የሚታየው እጅ ሲያርፍ ነው፤ እጅ ሲሠራ፣ ልሥራ ብሎ ሲያስብ እንኳ ይደበዝዛል። ይህንኑ አስረዳቻት። ገርሊንደ ገባት፣ ይቅርታም ጠየቀች፣ ከዚያም መልሳ አገዘች። አውቃ አይደለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የተማረ እጅ በማክሰኞ ዕረፍ ቢሉት ዕረፍትን ከየት ያምጣው?

ሮስቪታ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄዳ የመጨረሻው ቀጠሮ እሑድ ይሁንልኝ አለች። እሳቸው ክሕደት የሰሙ ያህል ደነገጡ። እሑድ የምሠራው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም ብላ አሳመነቻቸው።

ገርሊንደ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥብሷን በልታ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ሮስቪታ ስለ ዕረፍት ትንፍሽ አላለችም፤ ስብከቱ እንዴት ነበር ብላ ብቻ ጠየቀች። ረጅም ነበር፣ አለች ገርሊንደ። ሞገዱ ስክሪኑ ላይ መጣ፣ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ ኋላ በሙሉ ልቡ። ማሽኑ ቀጭ አለ፤ ጣቷ ዘለለች። ደግሞ ቀጭ አለ፤ ደግማ ዘለለች።

«እጄ አልሞተም» አለች ገርሊንደ ጣቷን እያየች፣ እንባዋንም አልጠረገችም።

ሳምንቶች አለፉ፤ ምቱም፣ የእጅ ልምምዱም ቀጠለ። ምቱ ይሁን ልምምዱ፣ ወይስ ጊዜው ራሱ፣ ፕሮፌሰሩም ገና አላወቁም። መጋቢት ሲገባ ግን ገርሊንደ በቀኝ እጇ አንድ መደዳ ገረዘች። አምስቱን ኤክሃርት ገረዘላት፤ ቦታውን ስለ መስጠትም ዳግመኛ አላነሣም።

ሦስት ቅርንጫፍ በቆረጠች ቁጥር ጣቶቿ ይዝሉና ከድንጋዩ ካብ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ረቡዕ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ ጎረቤቷ ከታች አያት። በሕይወቱ እንዲህ አይቷት ስለማያውቅ ደነገጠ።

«ገርሊንደ፣ አመመሽ እንዴ?»

«የለም» አለችው እጇን ሳታነሣ። «ሥራ ላይ ነኝ።»