በአደይ ለተብርሃን ወለል ላይ ያፈሰስኩት ውኃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ጋ ስደውል ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ውጬዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል ለእናንተ የሚቀለኝ።

የኤርትራ ነፃነት በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እንደኛው ከወሎ የመጡ ጎረቤቶቻችን አስመራን ለቀው ሲሄዱ እኔና ባለቤቴ ሰዒድ ቀረን። ያስቀሩን የተከራየንበት ግቢ ባለቤት አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ “ሰዒድ ወደይ ነው፤ ልጄ የትም አይሄድም” ይሉ ነበር።

ጀርመን ያለችው ልጃቸው እዚያው አስመራ፣ ሰምበል ሰፈር ቤት ገዛችላቸውና ለወለሉ ላሚኔት ፓርኬ የሚባል የእንጨት ንጣፍ ላከች። ማንጠፉን ለሰዒድ ሰጡት፤ አናጺው ሰዒድ እስከዚያ ድረስ ወንበርና በር ጠጋኝ ነበር። ይህ ሥራ ካማረለት የሰምበል ሰዎች ወለላቸውን ሊሰጡት እየጠበቁ ነበር። ጥቁሩ ቀለም አቧራ ያሳብቃል ቢላቸውም አደይ ጥቁሩን ወደዱ። እንጨቱ ሳይነጠፍ ሰንብቶ የቤቱን አየር ይልመድ ቢልም የወንድ ልጃቸው ሠርግ ደርሶ አጣደፉት። እሳቸውን እምቢ ማለት መቼ ያውቅና! ተንበርክኮ ጣውላውን በኮላ እያያያዘ ነጠፈው፤ ከግድግዳው ሥር የተዋትን ክፍተት በዞኮሎ፣ በግርጌው ቀጭን እንጨት፣ ሸፈናት። ሲጨርስ ጠራኝ።

“ዘሃራ፣ ይሄ እንጨት ነው፤ እንደ ማቶኔላው ንጣፍ ድንጋይ አይደለም። ጨርቁን አጥብቀሽ ጨምቀሽ ወልውይው፤ ውኃ እንዳታፈሺበት።”

ሰማሁት። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በሠርጉ ዋዜማ ቤቱን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ጥቁሩ ወለል አቧራ ለብሶ ጠበቀኝ። እኛ አስመራ ወለል ስናጥብ ባልዲውን ገልብጠን፣ በሳሙና ፈትገን፣ ውኃውን በበር እንገፋዋለን። በጨርቅ የታበሰ ቤት ለእኔ ያልታጠበ ቤት ነው። አደይ “ቤት ማጠብ እንደ ዘሃራ” ሲሉኝ ደግሞ ልቤ ያብጣል። እናም አፈሰስኩ። ደግሜም አፈሰስኩ። በሠርጉ ቀን ወለሉ ሲያበራ እንዴት ደስ አለኝ!

ሠርጉ ካለፈ በኋላ የጣውላው ጠርዝ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ። አደይ ሁለታችንንም አስጠሩን።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ውኃ ነክቶት ይሆን?”

“ኧረ እኔ በጨርቅ ብቻ ነው የወለወልኩት” አልኩ።

ማን ሊቀጣኝ ነው? ማንም አይቀጣኝም። ንጽሕናዬ ሲመሰገን ደስ ይለኝ ነበር፣ በቃ ይኸው ነው። ሰዒድ ፊቴን አየኝ፤ በጥርጣሬ ግን አልነበረም።

“ዘሃራ ካለች ካለች ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንጨቱን አላሳረፍኩትም” አለ።

አደይ ነፍሳቸውን ይማረውና ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ምንጣፍ ጣል አድርገውበት መውደዳቸውን ቀጠሉ። ሰዒድ ግን የሚጠብቁትን የሰምበል ሰዎች ሌላ ሰው ፈልጉ ብሎ ወደ ወንበሮቹ ተመለሰ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን በባሌ አሳበብኩ። እራት አሳምሬ ሠራሁለት፣ ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ እውነቱን ከለከልኩት። እወደው የለም እንዴ? እወደዋለሁ። የሚወዱትን ሰው እንዲህ ያደርጉታል?

በቀደም ልጃችን አዲሱን ቤቷን ላሚኔት እንዲያነጥፍላት ለመነችው። “ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። ይሄ እጅ የሰው ቤት አበላሽቷል” አላት፣ እየሳቀ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ዛሬ ከመስጊድ ሲመለስ እነግረዋለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረቱ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። እጅህ ምንም አላጠፋም ለማለት ግን ድፍረት አያስፈልገኝም።