ዓሣና በሬ አንድ ወገን የሆኑ ዕለት

ሁዳዴ በገባ ቁጥር ለቡ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው ዓሣ ቤት የጥብሱ ሽታ ሲወጣ ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፤ እኔ አንጀቴ ያርራል። ቲቸር ዘይነባ ትዝ ትለኛለች።

በዘጠናዎቹ፣ መካኒሳ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ባዮሎጂ ያስተማረችን እሷ ናት። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ ጠዋት ጣቶቿ በቾክ እንደነጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ ፈታች፤ በወጥ ቤት ቢላ ሰነጠቀችና አከርካሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወጣችው። ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ከዚያ "ከፊታችሁ የተቀመጠውን ልጅ ጀርባ ዳብሱ" አለችን። ሳቃችን የቆርቆሮውን ጣሪያ ሊነቅለው ደረሰ። ከሹራቡ ስር ያ ጉብ ጉብ ያለ አጥንት ጣቴ ላይ ሲመጣ ግን ሳቄ ቆመ።

"ዓሣም፣ ዶሮም፣ በሬም፣ እናንተም ባለ አከርካሪ ናችሁ፤ አንድ ወገን" አለች። "የጥንቱ ዓሣ ክንፍ ነው በብዙ ዘመን ተለዋውጦ እግርም እጅም የሆነው። ቀንድ አውጣና ጉንዳን የሌላ ወገን ናቸው።"

ጊዜው ጾም ነበር። የክፍላችን ልጅ አስቴር ቤቷ ገብታ "እማዬ፣ ዓሣ እኮ ከበሬ ጋር ነው የሚመደበው፤ ቲቸር ናት ያለችው" አለች። እናቷ ደንግጣ ለአባቷ የተሠራውን የዓሣ ወጥ ደፋችው። አባቷ አቶ መኮንን በማግስቱ እየጨሱ ትምህርት ቤት መጡ። ቲቸር ዘይነባ ሙስሊም መሆኗ ደግሞ ንዴታቸውን አባሰው።

"በሰው ጾም ምን ጥልቅ አደረገሽ?"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ስለ ጾም ትንፍሽ አላልኩም። ስለ አጥንት ነው ያወራሁት።"

እውነቷን ነበር፤ የሰማት ግን የለም። ዳይሬክተሩ "ለሰላም ሲባል ተሳስቻለሁ በይና ይለፍ፤ አለዚያ እንጀራሽን ነው የምታጪው" አሏት። "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብላ ጠየቀች። ይሄኔ ተናደዱ። ከፋሲካ ስንመለስ ተባርራ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ አቶ መኮንን በቀጣዩ ሁዳዴ ዓሣቸውን መብላታቸው ነው። አስቴር ራሷ ናት የነገረችኝ።

አዲሱ መምህር ማስታወሻ ብቻ ያስጽፈን ነበር። አንድ ቀን ስለ ሌሊት ወፍ ስንጽፍ አስቴር ለምን ከወፎች ጋር እንደማይመደብ ልትጠይቅ እጇን አነሳች። ጎኗ ያለችው ልጅ "ተይ፣ ይሄንንም ልታስባርሪው ነው?" ብላ እጇን ጎትታ አወረደችው።

"ጥያቄ አለ?" አለ መምህሩ።

"የለም" አልን፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ።