በቅሎ የሌላቸው ቃጭሎች

ደባርቅ ባለው ቤታችን፣ ሌላው ሰው ፎቶ በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ አባቴ የበቅሎ ቃጭል ይሰቅላል። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የእንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ሰሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ጨነቅ ሲመላለስ ኖሯል። በእኛ አገር በቅሎ ሲሸጥ ገመዱና ቃጭሉ ከሻጩ ዘንድ ይቀራሉ። አባቴ ታዲያ ዳባትም ይሁን ዛሪማ፣ ሥራ የፈታ ቃጭል ካየ ይለምናል። ምን እንደሚያደርግለት ስጠይቀው ደስ ስለሚለው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትሳደባለች፣ ሌላዋን ጉንፋን ይዟታል ይላል። እኔ ግጥም ልጽፍ ተቀምጬ እንኳ አንድ ቦታ አልረጋም፤ እሱ አንዷን ቃጭል በአመድ ሲወለውል ግማሽ ቀን ይውላል።

እናቴ ትስቅበታለች። የራሱን በቅሎዎች ከሸጠ ወዲህ፣ በቅሎው ሄዶ ጩኸቱ እቤት ቀረ ትላለች። ጣሪያው ግን አያስቃትም ነበር። ቆርቆሮው ዝጎ ተበስቷል፤ ክረምት ሳይገባ መታደስ ነበረበት። ስለዚህ ቃጭሎቹን ለሎጅ ማስጌጫ በሙሉ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ወንበር ያቀረበችለት እሷ ናት። አባቴ ግቢው ውስጥ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፎ፣ ቃጭሎቹን ከየሚስማራቸው እያወረደ ደረደራቸው። የመጨረሻዎቹን ለማውረድ ገብቶ ብዙ ቆየ።

ሰውዬው አንድ በአንድ እያነሳ ይነቀንቅ ጀመር። አንዲት ድምጿ የወፈረ ቃጭል ሲነቀንቅ የግቢው በር ተከፈተ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በእጃቸው ፍሩሽካ የሞላበት ሳፋ ይዘዋል። ባላቸው የአባቴ የመንገድ ጓደኛ ነበሩ፤ ሲታመሙ በቅሏቸውን ሸጠው ቃጭሏን ለአባቴ ሰጡት፤ ከዚያም አረፉ። ድሮ ከጨነቅ ሲመለሱ ይህቺው ቃጭል ከሩቅ ስትሰማ፣ ሚስታቸው ለደከመችው በቅሎ ፍሩሽካ ይዘው የሚወጡት እንዲህ ነበር።

እኛን አዩን፤ ከዚያ ሳፋውን አዩት። እግራቸው ከልባቸው ቀድሞ ነው የመጣው። ማናችንም አልሳቅንም።

"ያቺ የእኛ ናት" አሉ።

"የእናንተ ናት። ውሰጃት፣ እህቴ" አላቸው አባቴ።

"እኔ ቤት ማን ይነቀንቃታል? እዚሁ ትሁን። አልፎ አልፎ አሰማኝ።"

ሰውዬው ደግ ነበር፤ ያቺን ትቼ የቀሩትን ልውሰድ አለ። አባቴ የማዳበሪያውን ጫፍ በሁለት እጁ ያዘ።

"የእነዚህም ባለቤቶች ገና አልሰሟቸውም፣ ልጄ።"

እናቴን አየኋት። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። ከዚያ ቁጢጥ አለችና ቃጭሎቹን እየለቀመች ለአባቴ ታቀብለው ጀመር።

"ባልዲ አለን" አለች።

ዘንድሮ ባልዲው ቤቱ መሀል ተቀምጧል። አባቴ የጠብታውን ድምፅ ጉንፋን ከያዛት ቃጭል ጋር ያመሳስለዋል፤ እናቴ ደግሞ ስታልፍ ትገላምጠዋለች። በገበያ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ አባቴ ወደ አጥሩ ሄዶ ያቺን ቃጭል ይነቀንቃታል። ጎረቤታችን ሳፋቸውን ይዘው ይወጣሉ። በቅሎ ስለሌለ ፍሩሽካውን ለዶሮዎቻችን ይበትኑላቸዋል፤ ከዚያ ሁለቱ አጥሩን ተደግፈው ስለ ድሮው መንገድ ያወራሉ።

አሁን አሁን ዶሮዎቹ ለምደዋል። ገና አባቴ ቃጭሏን ከሚስማሯ ሲያወርድ፣ ከጎረቤታችን ቀድመው አጥሩ ሥር ይሰበሰባሉ።