በኅዳር ጭስ የተባረሩ ሽመላዎች

በከተማችን በመካነ ሰላም ብርዱ ሲጠና ሽመላዎች ከሩቅ አገር መጥተው ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው አሮጌ ጥድ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፀሐይ ክንፋቸውን አሙቃ እስክታስነሣቸው አያቸዋለሁ። ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ጎረቤቴ በሽታ አባርራለሁ ብሎ የዓመቱን ቆሻሻ፣ ፕላስቲኩንና የመኪና ጎማውን ጭምር፣ ከጥዱ ሥር ከምሮ በማለዳ ለኮሰው። ጥቁሩ ጭስ ሲያፍናቸው ሽመላዎቹ ግር ብለው ተነሥተው ሄዱ።

«ምን አደረጉህ?» ብዬ ጮኽሁበት።

«ጋሼ፣ እንግዳ አይደሉ እንዴ? እንግዳ ደግሞ ይሄዳል!» ብሎ ሳቀ።

እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን በየመድረኩ የምንመጻደቀው እኛ ነን፤ የምንሸኘው ግን በጎማ ጭስ ነው!

በማግስቱ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ ጥዱ ባዶውን ቆሟል። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል እያሳለ «እንዴት አደሩ?» አለኝ። ሰላምታውን ሳልመልስ ገባሁ።