ሮሂንጋዋ ጓደኛዬ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ጊዜ

ሚኒሶታ ውስጥ፣ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው ኤርፖርት አቅመ ደካማ መንገደኞችን በዊልቸር እየገፋን አውሮፕላናቸው በር ድረስ እናደርሳለን። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሮሂንጋ ወጣት አለች። ቤተሰቧ እንደ ሌሎቹ የሮሂንጋ ሙስሊሞች ከምያንማር ተባርሮ፣ ባንግላዴሽ ካምፕ ውስጥ ነው ያደገችው። እኔም ሚኒሶታ ከመግባቴ በፊት ኬንያ ካምፕ ስለኖርኩ፣ ገና እንደተዋወቅን የራሽን ወረፋ ላይ ማን ይጋፋ እንደነበር እያነሳን መሳቅ ጀመርን። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሷ በአንድ በኩል፣ የኔ በሌላ በኩል የተሰበረ።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው መጣች።

«ለምን ድራይቭ አታደርጊም?» አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል? ባሌ ማታ ሠርቶ ቀን ይተኛል።»

«እኔ አለሁ አይደል!» አልኩና ጉድ ውስጥ ገባሁ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ቤቴ አጠገብ ባለ ባዶ ፓርኪንግ ቅዳሜ ጠዋት እንለማመድ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ፍሬን ያዢ ስላት ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዬ የበረዶ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። እኔ «በስመ አብ!» ስል እሷ «ቢስሚላህ!» አለች። ተያየንና በሳቅ ፈረስን።

ሌላ ቅዳሜ እናቷ ከካምፑ በቪዲዮ ደወሉ። ልጃቸውን መሪ ጨብጣ ሲያዩ ደነገጡ። ምን እንዳሉ ተረጎመችልኝ፦ «ማን ፈቀደልሽ?» አገራቸው ሳሉ ከመንደራቸው ርቀው ለመሄድ እንኳ ፈቃድ ይጠየቁ ነበር። የተወለዱበት አገር ዜጎቼ አይደላችሁም ብሏቸዋል።

«እማ፣ እዚህ ፈቃድ የሚሰጡት ፈተና ላለፈ ነው» አለቻቸው።

ፈተናውን መጀመሪያ ወደቀች። ስቶፕ ምልክቱ ላይ በደንብ አልቆመችም። በሁለተኛው አለፈችና ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች።

«እንግዲያው ነይና ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» አሉ እናቷ፤ እሷም ተረጎመችልኝ።

«የሚኒሶታን ብርድ ይችሉታል?» ብዬ ሳቅሁ።

«መንደራችንን ነው የምትለው» አለችኝ ጓደኛዬ። « ዜግነታችንንና መሬታችንን ከመለሱልን፣ ማንም እንደማይነካን ካወቀች በማግስቱ ትሄዳለች። ያለዚያ ግን አትመለስም። ወደዚህ ላምጣት ብልም በሩ ጠቧል።» ስልኳን ኪሷ ከተተች። «እኔ ሲቲዝን እሆናለሁ። አንድ አገር የኔ ነሽ ሲለኝ ልስማ፤ ያኔ ስለሷም ጮክ ብዬ እናገራለሁ።»

ካምፕ ውስጥ ዓመታት መጠበቅን አውቀዋለሁ። ግን እኔን ኢትዮጵያዊት አይደለሽም ያለኝ ሰው አልነበረም። አቀፍኳት።

«ራበኝ፤ ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው» አለችኝ።

የስደተኞች ምግብ ቤት ወደሞላበት ሌክ ስትሪት ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ እንደ ኤሊ ስትሄድ ከኋላችን ያለው ሹፌር ተማርሮ ደጋግሞ ክላክስ አደረገ። እሷ መስኮቱን ዝቅ አደረገችና በደስታ እጇን እያውለበለበች ሰላምታ ሰጠችው።