ቨርዳ የሌላውን ፓርቲ ወረቀት የወሰደች ቀን

ቨርዳ ስትራውድ በኢንዲያና ገጠር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ምግብ አብስላ ጡረታ የወጣች፣ ሪፐብሊካንነትን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ሴት ናት። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ለስተርን ያሳደገችው እሷ ነበረች። ለስተር ለአውራጃው ምክር ቤት ልወዳደር ሲል ጉልበቷን እያመማት ቤት ለቤት ዞራ ቀሰቀሰችለት።

ለኅዳሩ ዋና ምርጫ የሁለቱም ፓርቲዎች፣ የሪፐብሊካኖቹም የዴሞክራቶቹም፣ ዕጩዎች የሚለዩት ግንቦት ላይ፣ በአንድ ቀን ነው። መራጩ ግን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ብቻ ይወስዳል፤ የለስተር ስም ያለው ደግሞ በሪፐብሊካኖቹ ላይ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቁርስ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ዴሞክራቶቹ ለፕሬዚዳንትነት ሁለት ሰዎች አፎካከሩ፤ አንዷ አንደበተ ርቱዕ አገረ ገዥ፣ ሌላው በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ላብ አጥምቆት ሲንተባተብ አገር ያየው ሴናተር ሃሎዌል።

"ይሄ ሰውዬ እንኳን አገር አፉንም መምራት አልቻለ" አለ የቁርስ ቤቱ ባለቤት ክላይድ። "የእነሱን ወረቀት ወስደን እሱን እንምረጥላቸው። ኅዳር ላይ የእኛ ሰው በአንድ እጁ ይጥለዋል።"

"የለስተርስ ነገር?" አለች ቨርዳ።

"ለስተርን ማን ይነካዋል? እሱ ያለቀለት ነው።"

በምርጫው ቀን መዝገብ የያዘችው ጎረቤቷ ዋንዳ ነበረች።

"ያው እንደ ወትሮው አይደል?"

"የለም፣ የዴሞክራቶቹን ስጪኝ" አለች ቨርዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዋንዳ ቀና ብላ አየቻትና ሰጠቻት።

ለስተር በአራት ድምፅ ተሸነፈ። ከቁርስ ቤቱ ብቻ ሰባት ሰው ወደ ዴሞክራቶቹ ወረቀት ተሻግሮ ነበር። ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም፤ ማን የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰደ ግን ለጠየቀ ሁሉ ይታያል። በሳምንቱ ለስተር መጣ።

"ስምሽን አየሁት" አለ ሳይቀመጥ።

"የምታሸንፍ መስሎኝ ነው። ለፓርቲው ብዬ..."

"ያሳደገኝ ፓርቲው አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ክላይድማ ምኔ ነው?"

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ሃሎዌል ዕጩ ሆነ። በቀጣዮቹ ወራት ሰዎች "ሸምድዶ ስለማይዋሽ ነው የሚንተባተበው" ይሉ ጀመር፤ ኅዳር ላይ አሸነፈ።

"ቨርዳ፣ ፕሬዚዳንትሽ እንዴት አደሩ?" አለ ክላይድ እየሳቀ። ያልጨረሰችውን ሲኒ አስቀምጣ ወጣች፤ ዳግመኛም እዚያ ቤት አልገባችም።

ቤተሰብ በሚሰባሰብበት በምስጋና ቀን ዶሮ ጠብሳ ለስተር ጋ ደወለች። ሚስቱ "እርሻ ላይ ነው" አለቻት፤ መሬቱ ግን በረዶ ለብሶ ነበር።

በጥር ሃሎዌል ቃለ መሐላ ሲፈጽም ብቻዋን ተቀምጣ በቴሌቪዥን አየችው። አንድ ቃል ጠፋውና ቆም ብሎ ፈለገው፤ አገኘውና ቀጠለ። ሰውየው አላስጠላትም። ይህን የምታወራለት ሰው ግን አልነበራትም።